የክርክር አደባባይና የኪስ መሣሪያ

ክርክር የአእምሮ ትግል ነው። ትግል ገጥሞ የሚወድቅና የሚነሣ ሰውነት እንደሚጠነክር ሁሉ፣ ሐሳቡን በባላጋራው ፊት አቁሞ የሚከላከል ወጣትም ልቡናው ይበረታል፤ አንደበቱ ይታረማል፤ ከሁሉም በላይ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው ሰምቶ መመለስን ይለምዳል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የክርክር ማኅበር ማቋቋምና ተማሪዎችን በውድድር ማገናኘት መልካም ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ዳሩ ግን በዘመናችን ወደዚህ አዳራሽ አንድ እንግዳ መጥቷል። ይኸውም በመዳፍ የሚጨበጠው፣ በኪስ የሚከተተው፣ የዓለሙን ወሬና ዕውቀት በአንድ ጣት ንክኪ የሚያቀርበው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ይህ እንግዳ ይግባ ወይስ ከደጅ ይቅር? ቢገባስ እስከ የት ድረስ ይፈቀድለት? ነገሩን ላይ ላዩን ሲመለከቱት የመምህራን የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲያዩት ግን የራስንና የሰውን፣ የሕግንና የፍትሕን ድንበር የሚመለከት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

እኔ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሐሳብ ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምሁበት አንድ ፍርድ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በክርክር ማኅበር ስለ ነበርሁ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ለተደረገ ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንድሆን ተጠራሁ። ርእሱ ከአንድ ሳምንት አስቀድሞ የተነገረ ሲሆን፣ «ከከተማ ልማት ይልቅ የገጠር ልማት ይቀድማል» የሚል ነበር። በእጃችን ከተሰጠን የደንብ ወረቀት ላይ ስለ መሣሪያ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ማናቸውንም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በመድረክ ላይ መጠቀም ዐሥር ነጥብ ያስቀንሳል» ይላል። እኛም ይህን አንብበን ተስማምተን ተቀመጥን።

የደጋፊው ወገን የመጀመሪያ ተናጋሪ ወጣት አራት ገጽ ወረቀት ይዞ ወጣና አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ አነበበ። ቃሉ የተዋበ፣ ነገሩ በተራ የተደረደረ፣ ቍጥር የበዛበት ነበርና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከተቃዋሚው ወገን ሁለተኛዋ ተናጋሪ ተነሥታ፣ «የጠቀስኸው ቍጥር ከየት የተገኘ ነው? በየትኛው ዓመትስ የተቈጠረ ነው?» ብላ በጠየቀችው ጊዜ ግን ገጹን ወዲያና ወዲህ ገለጠ፤ በመጨረሻም «በጥናት የተረጋገጠ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ተራው የእርሷ ሆነ። በንግግሯ መካከል ከደብተሯ ሥር አንድ ስልክ አውጥታ ሁለት ጊዜ ተመለከተችው፤ መልሳም አስቀመጠችው። እኛ ዳኞች እርስ በርሳችን ተያየን። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያየነውም ግልጽ ነው። ዐሥር ነጥብ ቀነስን። የልጅቱም ወገን በስድስት ነጥብ ተሸነፈ።

ጉባኤው ሲበተን ልጅቱ ወደ እኔ ቀረበችና ስልኩን አሳየችኝ። ያሮጌ ስልክ ነው፤ የታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ሲም ካርድ የለውም። በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ወደ ኋላ የሚቈጥር ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ ባይ፣ የአዳራሹ ሰዓት ከቆመ ብዙ ዘመን እንደ ሆነው ተረዳሁ። አላለቀሰችም፤ አልተቈጣችም። «ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቀረኝ በምን ልወቅ ኖሯል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ መምህር የነገረኝ ነገር ይበልጥ አሳዘነኝ። ያ ወጣት ያነበበውን አራት ገጽ በዋዜማው ሌሊት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ጽፎለት ኖሯል፤ ይህንንም ሳይደብቅ ለጓደኞቹ ሲነግር «እኔ በመድረክ ላይ መሣሪያ አልተጠቀምሁም፤ የያዝሁት ወረቀት ነው» ብሏል። በደንቡ ፊደል ከሄድን ልጁ እውነቱን ነው።

እንግዲህ ይህ ነው የእኔ ጥያቄ። አንድ ሕግ ሰዓት ያየችውን ቀጥቶ፣ የሰው ሐሳብ እንኳ ያልሆነ ሐሳብ ይዞ የቆመውን ቢሸልም፣ ጉድለቱ ከምኑ ላይ ነው? ሕጉ የላላ ስለ ሆነ ነው እንዳንል፣ ከእርሱ የበለጠ ጥብቅ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ «ማናቸውንም» ብሏልና። ሕጉ የጠበቀ ስለ ሆነ ነው እንዳንል ደግሞ፣ ወረቀት ይዞ የወጣውን አልነካውም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ጉድለቱ ሕጉ ዕቃውን አይቶ ሥራውን ባለማየቱ ነው። መሣሪያ በራሱ ጻድቅም ኃጥእም አይደለም። በአንዱ እጅ ሰዓት፣ በሌላው እጅ መዝገበ ቃላት፣ በሦስተኛው እጅ ከውጭ የሚያንሾካሹክ ረዳት፣ በአራተኛው እጅ ስለ ባለቤቱ የሚያስብ ምትክ ይሆናል። አራቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ቅጣት መወሰን፣ ቢላዋ ይዞ የተገኘን ሁሉ ሽንኩርት ከታፊውንም ጨምሮ በነፍስ ገዳይነት እንደ መክሰስ ነው።

የተፈቀደውንና የተከለከለውን ለመለየት በመጀመሪያ ክርክር የሚፈትነው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። በእኔ አስተያየት የተከራካሪ ሥራ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ማወቅ ነው፤ ይኸውም ስለ ርእሱ የተጻፈውንና የተነገረውን መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ማደራጀት ነው፤ ይኸውም ከሰበሰበው መካከል ፍሬውን ከገለባው ለይቶ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አያይዞ መገንባት ነው። ሦስተኛው መመለስ ነው፤ ይኸውም ያላሰበው ጥያቄ ሲመጣበት በዚያችው ቅጽበት መዝኖ መናገር ነው። በማወቅ ረገድ ሰው ሁልጊዜ ከሌላ ይበደራል፤ መጽሐፍም መምህርም ብድር ናቸው፤ ስለዚህ ከመሣሪያ ቢበደር የሚያስነውረው ነገር የለም። በማደራጀት ረገድ ምክር መጠየቅ ይቻላል፤ ሥራውን ጨርሶ ለሌላ መስጠት ግን ከትምህርቱ መውጣት ነው። በመመለስ ረገድ ግን ብድር ከቶ የለም። በዚያች ቅጽበት የሚቆመው ሰው ብቻውን ነው፤ ብቻውን መሆኑም የክርክር ክብር ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ ፍርድ ቤት ተከራካሪው ራሱ ቆሞ ይናገር ነበር። ጊዜውንም የሚለካለት በሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ዕቃ ነበር፤ ውኃው ከላይኛው ዕቃ ወደ ታችኛው ፈስሶ ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ በአቴና የገበያ አደባባይ ተቈፍሮ የተገኘ ሲሆን፣ የሚፈስበት ጊዜ ወደ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል። በብዙው ክስ ሕግ ወይም የምስክር ቃል በሚነበብበት ጊዜ ውኃው እንዲቆም ይደረግ ነበር። እንግዲህ የጥንቶቹ ዳኞች የጊዜ መለኪያ መሣሪያን ከአዳራሹ አላስወጡም፤ እንዲያውም በሁለቱም ወገን ፊት አኖሩት እንጂ።

ከዚህም የሚበልጥ ብልሃት ነበራቸው። ነገሩ አስቀድሞ በሽማግሌ ዳኛ ፊት ሲታይ የቀረበው ማስረጃ ሁሉ፣ ሕጉም ውሉም የምስክሩም ቃል፣ በሁለት ማሰሮ ተከትቶ ይታተም ነበር፤ አንዱ የከሳሽ፣ አንዱ የተከሳሽ። አርስጦጣሊስ ስለ አቴና መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ነገሩ በይግባኝ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ከታተመው ማሰሮ ውጭ አዲስ ማስረጃ ማምጣት አይቻልም። በዝግጅት ጊዜ የፈለገውን ይፈልግ፤ አደባባይ ከቆመ በኋላ ግን በያዘው ይከራከር ማለት ነው። በነገራችን ላይ የዛሬው ወጣት ያደረገው ነገርም በዚያ ዘመን ያልታወቀ አልነበረም። ሊስያስ የተባለው ሰው በአቴና የሚኖር የውጭ አገር ተወላጅ ሆኖ፣ ለተከራካሪዎች ንግግር በገንዘብ ይጽፍ ነበር፤ ባለጉዳዩም አጥንቶ እንደ ራሱ ቃል ይናገረው ነበር። ነገር ግን ያ ባለጉዳይ የሚከራከረው ርስቱን ወይም ሕይወቱን ለማዳን ነው፤ ተማሪ የሚከራከረው ግን ለመማር ነው። ርስቱን ለማዳን የሌላ ሰው ቃል የተከራየ ሰው ርስቱን ያገኛል፤ ለመማር የሌላ ቃል የተከራየ ግን ምን ያገኛል?

በአገራችንም ቢሆን በዚህ ነገር የሚመሰክሩ ሁለት ጉባኤዎች አሉን። አንደኛው የቀድሞው ሙግት ነው። ሁለት ባላጋሮች ከችሎት ፊት ቆመው፣ አንዳንድ ጊዜም በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዳኛ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር፣ «ተጠየቅ» «ልጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። የዚያ ሙግት ዐጥንቱ መጠየቅና መመለስ ነው፤ ያማረ ንግግር አዘጋጅቶ የመጣ ሰው ሲጠየቅ ዝም ካለ ማማሩ አያድነውም። ሁለተኛው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ግሱንና አገባቡን ያወረሱት መምህራን ናቸው፤ ምስጢሩን የሚፈልገው ግን ራሱ ነው። ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከሌላ የሰማውን የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ አዋቂ መምህር ምሥጢሩንና ሙያውን በሁለት ጥያቄ ፈትኖ ይለየዋል። በሁለቱም ጉባኤ ዘንድ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሚለየውም ኪስ በመፈተሽ ሳይሆን በመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ሥርዓት እንመለስ። በዓለም የታወቁት የተማሪዎች ውድድሮች በዚህ ጉዳይ በሁለት መንገድ ሲሄዱ እናያለን። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 በግላስጎው የተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና፣ ርእሱን የሚያስታውቀው ክርክሩ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የተሰለፉ አራት ቡድኖች በዚያች ጊዜ ተዘጋጅተው እያንዳንዱ ተናጋሪ ለ7 ደቂቃ ይናገራል። በዝግጅቱ ጊዜ የታተመ ወረቀት መመልከት ይቻላል፤ ኢንተርኔት መፈለግ ግን ክልክል ነው። በ1988 በአውስትራሊያ የተጀመረው የዓለም ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮናም፣ ርእሱ በድንገት በሚሰጥበት ክርክር የአንድ ሰዓት መዘጋጃ ሰጥቶ ከውጭ ርዳታ መቀበልን ይከለክላል። የእነዚህ መንገድ የታተመውን ማሰሮ ይመስላል።

በአሜሪካ ግን ሌላ ልማድ አለ። በ1925 የተመሠረተው ዛሬ ብሔራዊ የንግግርና የክርክር ማኅበር የሚባለው ድርጅት በሚያካሂደው ውድድር፣ አንድ ርእስ ለረጅም ጊዜ ይጠናል፤ ማስረጃም በብዛት ይጠቀሳል። ቀድሞ ተማሪዎች ወረቀታቸውን በትልልቅ ሣጥን አጭቀው እየጐተቱ ይመጡ ነበር። ኋላ ኮምፒዩተር ሲፈቀድ ሣጥኑ ቀረ፤ በመጀመሪያ ኢንተርኔት ተከልክሎ ነበር፤ በኋላ እርሱም ተፈቀደ። ይህን ሲፈቅዱ ግን ልጓም ሳያበጁ አልቀሩም። ማስረጃ የጠቀሰ ተማሪ ባላጋራው ሲጠይቀው ጸሐፊውንና ምንጩን ማሳየት አለበት፤ የሌለ ማስረጃ ፈጥሮ ወይም ያለውን አጣምሞ የተገኘ ክርክሩን እስከ ማጣት ይቀጣል፤ በክርክሩ ጊዜ ከሌላ ሰው ምክር መቀበልም ክልክል ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያውን የከለከሉትም የፈቀዱትም በአንድ ነገር መስማማታቸውን ነው፤ በሚቆመው ሰው ምትክ ሌላ እንዳይከራከር ሁለቱም ይጠብቃሉ።

በ2012 ዓ. ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በየቤቱ በዘጋበት ጊዜ ክርክሩም ወደ መስተዋት ገባ፤ ተከራካሪው ከዳኛው ጋር የሚገናኘው በዚያው ተከልክሎ በኖረው መሣሪያ ሆነ። በዚህን ጊዜ የኪስ ፍተሻ ትርጕም አጣ፤ የቀረው መተማመን ብቻ ነበር። ከዚያም በኅዳር 2015 ዓ. ም. ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ተከፈተ። ቀድሞ መሣሪያ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ያቀርብ ነበር፤ አሁን ራሱ ይጽፋል። የሚጽፈውም ሲያምር ሁሉ እውነት አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ. ም. በኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጠበቆች በዚህ መሣሪያ ያስጻፉትን ማመልከቻ አቅርበው በውስጡ የተጠቀሱት የቀድሞ ፍርዶች ጨርሶ ያልነበሩ መሆናቸው ስለ ተደረሰበት፣ 5,000 ዶላር እንዲቀጡ ተፈርዶባቸዋል። ልብ እንበል፤ እነዚህ ተማሪዎች አይደሉም፤ ሕግ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የተያዙትም መሣሪያ ይዘው ስለ ተገኙ ሳይሆን ስለ ጻፉት ነገር ተጠይቀው መልስ ስላጡ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ጨርሶ ይከልከል» የሚለው ነው። የዚህ አሳብ ባለቤቶች የአገራችንን ፈተና ይጠቅሳሉ። በ2008 ዓ. ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ በመሠራጨቱ ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ ሆነ። በ2015 ዓ. ም. ተፈታኞች ስልክ ሳይዙ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በተፈተኑ ጊዜ ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ ጥበቃው አስፈላጊ እንደ ነበር አልክድም። ይሁን እንጂ ፈተናና ክርክር አንድ አይደሉም። በፈተና ተማሪው ከወረቀት ጋር ብቻውን ነው፤ መልሱ ከየት እንደ መጣ ወረቀቱ አይጠይቀውም፤ ስለዚህ በሩን መጠበቅ ግድ ይሆናል። በክርክር ግን በፊቱ ባላጋራ አለ፤ ዳኛም አለ፤ ሁለቱም አፍ አላቸው። መጠየቅ የሚቻልበት ቦታ ጥያቄን ትቶ በፍተሻ ብቻ መታመን የተሰጠንን የተሻለ መሣሪያ መጣል ነው።

ከዚህም በላይ ጨርሶ መከልከል ሳያስበው ደካማውን ይመታል። ጆሮው የከበደ ተማሪ በጆሮው የሚያደርገው ማዳመጫ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ዐይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍ የሚያነብለት ኮምፒዩተር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። «ማናቸውንም» የሚለው ቃል በፊደሉ ቢተረጐም እነዚህን ልጆች ከአደባባይ ያስወጣል። አውጪዎቹ ይህን አላሰቡም ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ሕግ ያላሰበው ሰው ሁልጊዜ ያው ድምፁ የማይሰማው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጨርሶ ይፈቀድ» የሚለው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው፤ እኔም በማገለግልበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለ እርሱ አይጻፍም፤ ታዲያ ተማሪውን ነገ ከሚጠቀምበት ነገር ዛሬ መለየት ምን ይበጃል? ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ልጅ ቍጥር ሲማር በጣቱ እንዲደምር የምናደርገው በዓለም ላይ የሒሳብ መሣሪያ ስለ ጠፋ አይደለም፤ መሣሪያው ሲሳሳት የሚያውቅበትን ልብ እንዲያበጅ ነው። ሐሳብን ማደራጀት ያልተማረ ሰው መሣሪያው ያደራጀለት ደግ ይሁን ክፉ በምን ይመዝናል? ደግሞም ያለ ገደብ መፍቀድ ያለውንና የሌለውን ያራርቃል። በአንዱ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር በየጠረጴዛው አለ፤ በሌላው መብራት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የክርክሯም ልጅ የያዘችው የወንድሟን አሮጌ ስልክ ነው። በመድረክ ላይ ፍለጋ ሲፈቀድ የሚወዳደሩት ልጆቹ መሆናቸው ቀርቶ የወላጆቻቸው ኪስ ይሆናል።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚበጀው ምንድር ነው? እኔ በአቅሜ ያሰብሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ደንቡ የዕቃ ስም ብቻ ሳይሆን የተከለከለውን ሥራ ይናገር። ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ከውጭ መልእክት መቀበል፣ ኢንተርኔት መፈለግ፣ መሣሪያን መልስ መጠየቅ ይከልከል። ርእሱ በድንገት የሚሰጥ ከሆነም ክልከላው ርእሱ ከተነገረበት ደቂቃ ይጀምር። መጽሐፍና በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ግን ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ጊዜ መለካት የአዘጋጁ ዕዳ ይሁን። ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት የሚሠራ ሰዓት ሳያቆሙ ተማሪን ሰዓት አየ ብሎ መቅጣት፣ ራት ሳያቀርቡ ለምን በላህ እንደ ማለት ነው። ሰዓት ከሌለ ከመስመር የተለየ ስልክ በዳኛው ፊት በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የሰውነትን ጉድለት የሚያግዝ መሣሪያ አስቀድሞ ይነገር እንጂ ከቶ እንደ ጥፋት አይቈጠር።

አራተኛ፣ ርእሱ አስቀድሞ በሚሰጥበት ክርክር ተማሪው በቤቱ በማናቸውም መሣሪያ ቢዘጋጅ አይከልከል፤ መከልከልም አይቻልም፤ የማይጠበቅ ሕግ ማውጣት ሕጉን ብቻ ሳይሆን ሕግ የሚባለውን ነገር ሁሉ ያስንቃል። ነገር ግን ወደ መድረክ የሚወጣው ነጥብ ነጥቡን ብቻ በያዘ አጭር ማስታወሻ እንጂ ሙሉ ንግግር በማንበብ አይሁን። የሚጠቅሰውን ቍጥር ምንጭና ዓመት ሲጠየቅ ይናገር፤ መናገር ካልቻለ ያ ማስረጃ እንዳልቀረበ ይቈጠር። ዐምስተኛ፣ ከዳኛው ነጥብ ከፍ ያለው ድርሻ ለጥያቄና ለመልስ ይሰጥ። ይህ አንዱ ብቻ ቢፈጸም እንኳ ሌላው ደንብ ግማሽ ያህል ባላስፈለገ ነበር፤ መሣሪያ ያስጻፈው ንግግር ከጥያቄ ፊት የሚቆመው ጽሑፉን ተማሪው መርምሮ የራሱ ካደረገው ብቻ ነውና፤ መርምሮ የራሱ ካደረገውም ተምሯል ማለት ነው።

ስድስተኛው ለዳኞች ነው። ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቅ። ባለማወቅ የተደረገውን ለማታለል ከተደረገው ይለይ፤ አጠራጣሪ የሆነውን ለተማሪው ይተርጕም። ውጤት ከመነገሩም በፊት ተማሪው ቃሉን የሚሰጥበት ጥቂት ደቂቃ ይኑር። እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል እንደሚባለው፣ ተማሪ ቢሳሳት ዳኛ ያርመዋል፤ ዳኛ ሲሳሳት ግን የሚታረምበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት ያስፈልጋል።

ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው በተለይ በራሴ ላይ ነው። ልጅቱ ስልኩን ካሳየችኝ በኋላ ወደ ሁለቱ ባልደረቦቼ ተመልሼ ነገሩን ነግሬያቸው ነበር። አንደኛው «ደንቡ ስለ ሰዓት የተለየ ነገር አልጻፈም» አለ። ሁለተኛው «ውጤቱ ተነግሯል፤ የዳኛ ቃል ቢመለስ ነገ የሚያከብረን የለም» አለ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔም ተከራክሬ ላሸንፋቸው በተገባኝ ቦታ፣ በክርክር ዳኝነት ተቀምጬ፣ ያለ ክርክር ዝም አልሁ። ሰዓቱ ስለ መሸ፣ እንግዶች ስለ ቆሙ፣ ፊርማዬም ስለ ደረቀ ዝም አልሁ። ልጅቱ በዕድሜዋ ስለ እውነት ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ አንድ ጊዜ ባላጋራዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን። ከሁለታችንም መልስ አላገኘችም። እርሱ ከወረቀቱ ኋላ ተሸሸገ፤ እኔም ከደንቡ ኋላ ተሸሸግሁ። ሳስበው በሁለታችን መካከል ብዙ ልዩነት አላየሁም። እርሱ ሐሳቡን ለመሣሪያ አስረከበ፤ እኔ ፍርዴን ለአንድ መስመር ጽሑፍ አስረከብሁ።

ስለዚህ ስለ መሣሪያ የምናወጣው ሥርዓት ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚመለስ ይመስለኛል፤ ይኸውም ሰው ስለ ተናገረው ሲጠየቅ «እኔ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። መጽሐፍ ቢያግዘው፣ መምህር ቢያግዘው፣ መሣሪያም ቢያግዘው፣ በመጨረሻ ስለ ቃሉ የሚቆመው እርሱ ይሁን። ይህን ግዴታ በተማሪው ላይ ስንጥል ከዳኛውም አናንሣው። ደንብ አውጪዎች መጪውን ውድድር ሲያዘጋጁ ወረቀታቸውን ደግመው ያንብቡ፤ የቆመውን ሰዓትም ያሠሩ። ልጅቱን በተመለከተ፣ ያየሁትንና የተሳሳትሁትን ጽፌ ለአዘጋጆቹ ልኬአለሁ፤ ውጤቱ ይለወጣል ብዬ ሳይሆን፣ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ ባለዕዳ ስለ ሆንሁ ነው።